ልጅቷ ከመደንገጧ በፊት
በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ስለ ጉርምስና የሚነገረው ለምን ይዘገያል?

በሚዛን አማንና በቴፒ ዙሪያ ዝናብ የማይጥልበት ወር ማግኘት ይቸግራል። ሚዛን አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል። ቡናውም፣ ኮረሪማውም፣ እንሰቱም፣ ጥቅጥቁ ጫካም የሚኖረው በዚህ ዝናብ ነው። ለአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ግን ዝናቡ ሌላ ጣጣ አለው፤ ያጠበችው ጨርቅ አይደርቅላትም።

የወር አበባዋ ሲመጣ ሞዴስ መግዛት ያልቻለች ልጅ ከአሮጌ ልብስ የተቀደደ ጨርቅ ትጠቀማለች። ጨርቅ በራሱ ነውር የለበትም፤ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ከመታው ንጹሕ ነው። ችግሩ ፀሐይ የማያገኝ መሆኑ ነው። አባትና ወንድም እንዳያዩት አልጋ ሥር ይወሸቃል፤ ገመድ ላይ ከወጣም ሌላ ልብስ ይደረብበታል። በሐምሌና በነሐሴ እንዲህ የተሸሸገ ጨርቅ ሁለትና ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ ይከርምና መሽተት ይጀምራል። ልጅቷም ሌላ የላትምና ያንኑ እርጥብ ትመልሰዋለች። ማሳከኩና መላላጡ ከዚያ ይመጣል። ለቀማው ሲደርስ ግን በዚያው ግቢ የቤቱ ቡና ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ደመና ባጠቆረ ቁጥር ሰው ሁሉ ሮጦ ይሸፍነዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይገልጠዋል።

ጨርቁን ጨለማ ውስጥ የከተተው ድህነት ብቻ አይደለም። ስለ ወር አበባ በቤት ውስጥ አለመነገሩም ነው።

ያልተነገራት ልጅ የመጀመሪያውን ደም ስታይ የምታስበው አንድም ታምሜያለሁ፣ አንድም ተጎድቻለሁ ብላ ነው። ከዚህ የከፋም አለ። የወር አበባ ወንድ ባወቀች ሴት ላይ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው በአገራችን ዛሬም አልጠፋም። ይህን የሰማች ልጅ ለእናቷ መናገር ራሷን እንደ ማጋለጥ ይሆንባታል። በአንዳንድ የደቡብ ምዕራብ ማኅበረሰቦች ደግሞ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከዋናው ቤት ወጥታ በጓሮ ጎጆ የምትቆይበት ልማድ ነበረ። ልማዱ የዚህ አካባቢ ብቻ አይደለም፤ በጎንደር ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም ለዚሁ የተለየ ጎጆ ነበራቸው። ጎጆው በብዙ ቦታ ቀርቷል፤ ማፈሩ ግን ከጎጆው ጋር አልፈረሰም።

የወር አበባ መምጣት ግን ድንገተኛ አይደለም። የሴት ልጅ ጉርምስና አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይጀምራል። መጀመሪያ ጡት ያጎጠጉጣል፤ አንዱ ከሌላው ቢቀድምም ጤነኛ ነው። ከዚያ ጸጉር ይወጣል፣ ቁመት ይመዘዛል፣ ዳሌ ይሰፋል፣ ላቡ ይለወጣል፣ ፊት ላይ ብጉር ይታያል። የመጀመሪያው የወር አበባ የሚመጣው ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ ነው። እንግዲህ እናትም አስተማሪም ከምልክቱ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል የመንገሪያ ጊዜ አላቸው። ሰውነት ቀድሞ ያሳውቃል፤ የማያሳውቀው ቤቱና ትምህርት ቤቱ ነው።

ደሙ የሚመጣው ማኅፀን ለጽንስ ያዘጋጀው ስስ ሽፋን ሳያስፈልግ ሲቀርና ሲወርድ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ተደምሮ የሚፈሰው ደም በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጊዜውን ላይጠብቅ ይችላል፤ ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ 21 ቀንም 45 ቀንም ቢሆን አያስፈራም። ሆድ የሚቆርጠው ማኅፀን ስለሚኮማተር ነው፤ በሞቀ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሆድ ላይ ማድረግ፣ ሲብስም በጤና ባለሙያ ምክር የሕመም ማስታገሻ መውሰድ ይረዳል። ከ7 ቀን በላይ ከቆየ፣ ሞዴስ በየአንድና በየሁለት ሰዓቱ ከራሰ፣ ወይም እስከ 15 ዓመት ጨርሶ ካልመጣ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። እንቁላል ከመጀመሪያው ደም ቀድሞ ሊለቀቅ ስለሚችል፣ የወር አበባ ያላየች ልጅም ልታረግዝ እንደምትችል ማወቅ አለባት። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

በአገራችን ይህን ጉዳይ ወደ አደባባይ ካወጡት አንዷ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናት። የፍሬወይኒ የመጀመሪያ የወር አበባ የመጣው ማንም ምንም ሳይነግራት በ13 ዓመቷ ነበር። አሜሪካ ኬሚካል ምህንድስና ተምራ ስትመለስ ታጥቦ እንደገና የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በመቐለ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና አድርጎ መረጣት። ከሽልማቱ ጎን ለጎን ሊነገር የሚገባው ግን የአሠራሯ መንገድ ነው። ከዲግኒቲ ፒሪየድ ድርጅት ጋር ሆና ምርቱን በየትምህርት ቤቱ ስታድል ትምህርት አብሮት ይሄድ ነበር፤ ትምህርቱ ደግሞ ለወንዶቹም ይሰጥ ነበር።

የኡጋንዳ ተሞክሮም ይህንኑ ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በካሙሊ ወረዳ ያሉ ትምህርት ቤቶችን በአራት ከፈለ፤ ለአንዱ ክፍል ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስ፣ ለሁለተኛው የጉርምስና ትምህርት፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጠ፤ ለአራተኛው ምንም አልሰጠም። ምንም ያልተሰጣቸው ሴት ተማሪዎች መቅረት ከሌሎቹ ይልቅ ባሰ፤ ልዩነቱ ወደ 17 በመቶ ነበር። ትምህርት ብቻ ያገኙትም ሞዴስ ካገኙት ወደ ኋላ አልቀሩም። ትምህርት ቤቶቹ 8 ብቻ ስለሆኑ ውጤቱን በልኩ መያዝ ይገባል። በኔፓል ደግሞ ልጃገረዶች የወር አበባ ኩባያ ታድሏቸው ከትምህርት መቅረታቸው እምብዛም አልተለወጠም። ዕቃ ማደል ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ልጅን ክፍል ውስጥ አያስቀምጥም።

በመንግሥት በኩል የተሠራ ነገር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ሴት ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ አድርሷል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ስለ ወር አበባ ንጽሕና አያያዝ መመሪያ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ተሠርቶ በሚገባ ሞዴስ ላይ የነበረው 30 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ወደ 10 ዝቅ ብሏል፤ ጥሬ ዕቃውም ከቀረጥ ነፃ ሆኗል። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም ሚዛን አማንና ቴፒን ከመቀመጫዎቹ መካከል አድርጎ አስተዳደሩን ወደ ሕዝቡ አቅርቧል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አማን ላይ ሐኪሞችንና ነርሶችን የሚያሠለጥንበት ግቢና ሆስፒታል አለው። ባለሙያ የሚፈራበት ቦታ ከተማው ውስጥ እያለ የአራተኛ ክፍል ልጅ ስለ ገዛ ሰውነቷ ከጓደኛዋ ሹክሹክታ እንድትማር መተው አይገባም።

ይህን በክፍል ለማስተማር የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። አስተማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ሞዴስ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የውስጥ ሱሪና የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ታስቀምጣለች። ሞዴሱ በየት በኩል እንደሚለጠፍ፣ ጨርቁ እንዴት እንደሚታጠፍ ሁሉም እያየ ትሠራዋለች። ደሙ የጀመረበትን ቀን በእስክሪብቶ ከብባ ወደፊት 28 ቀን ታስቆጥራለች፤ ጳጉሜን መሐል ከገባች አብራ ትቆጠራለች። ስም ሳይጻፍ ጥያቄ የሚጣልበት ካርቶን በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ካርቶኑ ከሌለ ጥያቄ አይኖርም፤ እጅ አውጥታ የምትጠይቅ ልጅ አትገኝምና። ቋንቋውም ልብ ይባል። ቤቷ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ሸክኛ ወይም መዠንግርኛ የምትናገር ልጅ ስለ ገላዋ በአማርኛ ብቻ ከተነገራት ግማሹ ያመልጣታል።

እናቶችን ለማግኘት ደግሞ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም። በዚህ አገር ሴቶች ለቡናው፣ ከቡና ቅጠል ለሚፈላው ጨሞም ይጠራራሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ሲያወሩበት የኖሩት የቡና ጨዋታ ለዚህም ይሆናል። አባቶች ግን ከዚህ ጨዋታ ውጭ ናቸው። ጨርቁ አልጋ ሥር የሚገባው ከእነሱ ዓይን ለመሸሽ ነውና፣ “ገመዱ ላይ ይሰጣ” የሚል አንድ የአባት ቃል ከብዙ ምክር በላይ ይሠራል።

ጊዜም አለው። በቆላው፣ በበበቃና በቴፒ በኩል የቡና ለቀማው ከትምህርት መከፈቻው ጋር ይገጣጠማል። ልጆች ለለቀማ ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ በወር አበባ ቀናቸው ሲጨምሩበት የመጀመሪያው መንፈቅ ይበላሻል። ከክፍል የራቀች፣ ጡቷም ያጎጠጎጠ ልጅ “ደርሳለች” ተብላ ለጋብቻ መታጨቷም አይቀርም። የ1992 ዓ.ም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ቢልም፣ በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆነ ኢትዮጵያውያት 40 በመቶው ያገቡት ከ18 በፊት ነበር። የወር አበባ መምጣት ልጅቷ ማደግ መጀመሯን ያሳያል እንጂ ማደጓን መጨረሷን አያሳይም፤ ይህም ለወላጅ በግልጽ መነገር አለበት።

እንግዲህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ርእሳነ መምህራን ትምህርቱን ከሰባተኛና ስምንተኛ ወደ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ያውርዱት፤ ወንዶቹንም ያስቀምጡ። ቢሮ ውስጥ ለድንገተኛ የሚሆን ሞዴስ፣ መጸዳጃው ላይ መቀርቀሪያ፣ አጠገቡ ውኃ ይኑር። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከትርፋቸው ለዚህ ቢመድቡ ለገዛ ልጆቻቸው ነው። እርስዎም የዘጠኝ ወይም የዐሥር ዓመት ሴት ልጅ ካለችዎት፣ ምልክቱ እስኪታይ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ይንገሯት።