ኮንክ፦ ሰማዕቷ ያቆመቻት መንደር

በደቡብ ፈረንሳይ፣ አቬሮን በሚባለው አውራጃ፣ የኡሽ ጅረት ከዱርዱ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ሸለቆ ላይ ኮንክ የምትባል መንደር አለች። ሜዳ የሚባል ነገር የላትም። ቤቶቿ ዳገቱን ተደግፈው አንዱ ካንዱ በላይ ቆመዋል፤ ግድግዳቸው እንጨትና ድንጋይ፣ ጣሪያቸው ከአካባቢው ተራራ የሚፈለጥ ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ዳገቱ በእርከን ተይዞ ወይን አብቅሏል እንጂ ባለጠጋ የሚያደርግ መሬት አልነበረም። ታዲያ ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርበት በዚህ ገደላ ገደል ዛሬ የሚታየውን ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን ማን አቆመው?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ልጅ ዐጽም ነው። ቅድስት ፎዋ በሮማውያን ስደት ዘመን፣ ገና በ12 ዓመቷ፣ ለጣዖት አልሰዋም ብላ በአዣን ከተማ እንደተሰየፈች ገድሏ ይናገራል። በኮንክ ደግሞ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዳዶን የተባለ ባሕታዊ የመሠረተው ገዳም ነበር። ገዳሙ ስም ያለው ቅዱስ አጥቶ ሲቸገር፣ በ866 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ገደማ አንድ መነኩሴ የሰማዕቷን ዐጽም ከአዣን በድብቅ ወስዶ አመጣ። ትውፊቱ እንደሚለው ሰውየው አመል ሳያሳይ ዓመታት ቆይቶ፣ የመቃብሩ ጠባቂ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ነው የወሰደው። የኮንክ መነኮሳት ይህን አልደበቁትም፤ ሰማዕቷ ራሷ ወድዳ መጣች ብለው አመኑ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ወደ ኮንክ ዞረ። ከፈረንሳይዋ ለ ፑይ ከተማ ተነሥተው በስፔን ወዳለው የቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር የሚጓዙ ተሳላሚዎች እዚህ አረፉ፤ ስእለታቸውንም አስገቡ። ዐጽሙ ያረፈበት፣ ከእንጨት ተቀርጾ በወርቅ የተለበጠውና በዕንቁ ያጌጠው ምስል ዛሬም አለ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው የቤተ ክህነት ሰው በርናር ዘአንዤ በመጀመሪያ ጣዖት መስሎት ተሳልቆበት ነበር፤ ኋላ ግን የሰማዕቷን ተአምራት በመጽሐፍ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። ከተአምራቱ የገነነው እስረኛ ማስፈታቷ ነው። የተፈቱት ሰዎች እግር ብረታቸውን አምጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይሰቅሉ ነበር።

ዛሬ የሚታየው ሕንፃ በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተጀመረ ነው። የተሳላሚው ጎርፍ ቅዳሴ ሳያውክ ዐጽሙን እንዲዞር በመቅደሱ ዙሪያ መተላለፊያ ተበጅቶለታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በምዕራቡ በር ራስ ላይ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቀረጸው የፍርድ ቀን ነው። ከመቶ በላይ ሰዎችና መላእክት አሉበት፤ የጥንቱ ቀለም በአንዳንዱ ላይ እስካሁን ይታያል። ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደ ሲኦሉ ትርምስ ይሄዳል። እኔ የምለው ግን ወደ ግራ፣ ወደ ጻድቃኑ ወገን ይመልከት ነው። እዚያ ቅድስት ፎዋ ተንበርክካ ስትለምን፣ የእግዚአብሔር እጅ ከላይ ወደ እሷ ተዘርግቷል፤ ከኋላዋም የእስረኞቹ እግር ብረት ተሰቅሏል። ድንጋይ ጠራቢው የመንደሩን ታሪክ ከዓለም ፍርድ ጋር አንድ ላይ አስገብቶታል።

በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የየገዳሙ ወርቅና ብር እየቀለጠ ሲጠፋ፣ የኮንክ ሰዎች ንዋየ ቅድሳቱን ተከፋፍለው ደበቁ፤ ጊዜው ሲያልፍም መልሰው አስረከቡ። እኔ በዚህ መንደር ከማንኛውም ቅርጽ ይልቅ የማከብረው ይህን አደራ ነው። ሕንፃው ግን እየፈራረሰ ነበር። በ1837 ደራሲውና የቅርስ ተቆጣጣሪው ፕሮስፐር ሜሪሜ ደርሶ ባየው ነገር ተደንቆ ለመንግሥት ካሳወቀ በኋላ ጥገናው ተጀመረ።

ሠዓሊው ፒዬር ሱላዥ የጎረቤቷ የሮዴዝ ልጅ ነው። በተማሪነቱ ኮንክን አይቶ ሕይወቱን ለሥነ ጥበብ ለመስጠት እንደወሰነ ይናገር ነበር። በጥቁር ሥዕሎቹ ዓለም ካወቀው በኋላ፣ ከ1987 እስከ 1994 ለቤተ ክርስቲያኑ 104 መስኮቶች ሠራ። ቀለም የለባቸውም፤ ለዚሁ ተብሎ የተፈጠረው መስታወት ከውጭ ያለውን ሳያሳይ ብርሃኑን ብቻ ያስገባል። መጀመሪያ ያልወደዱት ነበሩ። ነገር ግን ድንጋዩ በራሱ መልክ እንዲታይ ያደረጉት እነዚህ መስኮቶች ናቸው።

በ1998 ቤተ ክርስቲያኑና ተሳላሚዎች የሚሻገሩበት የዱርዱ ድልድይ በፈረንሳይ ካሉት የያዕቆብ መንገዶች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ከ2016 ወዲህ ኮንክ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር ናት። ከለ ፑይ በእግሩ የሚመጣው መንገደኛም ዛሬ ድረስ በዚያው በገዳሙ ማረፊያ ያድራል።