መብራቱን ማጥፋት ሕክምና አይደለም

በወለጋ በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ ትኩሳት ይዞት ከዲዴሳ ሸለቆ የሚመጣ ሰው ሲገጥመን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ወባን ነበር። ግን ትኩሳት የታይፎይድም የሳንባ ምችም ምልክት ስለሆነ፣ ደሙን ሳናስመረምር እንዳንወስን እንጠነቀቅ ነበር። ማስታገሻ ውጦ «ተሽሎኛል» ብሎ የሄደ ሰው ብሶበት ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህንኑ ነገር በጡረታ ዘመኔ ከልጄ ቪትዝ መኪና እንደገና ተማርኩ።

ከልጄና ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር ከጊምቢ ወደ ነቀምቴ እየተመለስን ነበር። የዲዴሳን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጉልበትም አጣ። ክሩስኮቱ ላይ «ቼክ ኢንጂን» የሚባለው ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከኋላችን የጭነት መኪና እያጣደፈን እንደምንም ዳር ይዘን ቆምን። ልጆቹ በዚያ ሙቀት ሲያለቅሱ ቆይተው፣ ሲመሽ በሌላ መኪና ተጎትተን ከተማ ገባን።

ያ መብራት ከሁለት ሳምንት በፊትም በርቶ ነበር። አንድ ጋራዥ ውስጥ መሣሪያ ሰክተው ኮዱን ሲሰርዙት ጠፋ፤ ከፍለን ደስ ብሎን ወጣን። ኮዱ ምን እንደነበር አልጠየቅንም፤ ጽፎ የሰጠንም የለም።

በማግስቱ የሄድንበት ሌላ መካኒክ መሣሪያውን ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ሰክቶ ያገኘውን በወረቀት ጻፈ፦ ፒ0302። «ሲስተር፣ ይሄ የሚያመውን ቦታ እንጂ በሽታውን አይነግረንም» አለኝ።

«ፒ» ሞተርና ካምቢዮን ይመለከታል። ቀጥሎ ያለው 0 ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ መሆኑን ያሳያል። ይህ የጋራ አሠራር በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ነው። ፒ0302 ማለት ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው። ምክንያቱ ግን ካንዴላ፣ ኮይል፣ ኢንጀክተር ወይም የሞተሩ የውስጥ ድካም ሊሆን ይችላል።

መካኒኩ ምንም ዕቃ አላስገዛንም። የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ከአንደኛው ጋር አቀያየረና ኮዱን ሰርዞ ሞተሩን አስነሳ። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ተመልሶ በራ፤ ኮዱ ግን አሁን ፒ0301 ሆኗል። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ወደ አንደኛው ሲሊንደር ሄዷል ማለት ነው። አንድ ኮይል ተገዛ፣ መኪናውም ዳነ። ኮዱ ባይቀየር ኖሮ ወደ ካንዴላውና ወደ ኢንጀክተሩ ያልፍ ነበር።

ሌላው በብዛት የሚታየው ፒ0171 ነው፤ ከአየሩ አንጻር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ወዲያው የኦክስጅን ሴንሰር ይቀይራል። ጥፋቱ ግን የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። በነጆ፣ በመንዲ ወይም በደምቢ ዶሎ ለሚኖር ሰው መለዋወጫው ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚላክለት ከሆነ፣ በግምት መግዛት ኪሳራው እጥፍ ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ እነዚህን ልብ ይበል፦

መብራቱ ሳይቆራረጥ ከበራና መኪናው ደህና ከሄደ፣ ቀስ ብለው ነድተው ያስመርምሩ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አመቺ ቦታ ይዘው ያቁሙ፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ማጣሪያ አግሎ ያበላሻል። ቀዩ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ከበራ ወዲያው ቆመው ሞተሩን ያጥፉ።

ኮዱ ከመሰረዙ በፊት ያስጽፉ። ኮምፒውተሩ ከኮዱ ጋር በዚያች ቅጽበት የነበረውን የሞተር ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት ይይዛል። ሳይጻፍ መሰረዝ የሕመምተኛን ካርድ ቀድዶ እንደመጣል ነው።

«የቱን ዕቃ ልግዛ?» ከማለትዎ በፊት «ይህ ዕቃ መበላሸቱን በምን አረጋገጥክ?» ብለው ይጠይቁ።

ልጄ አሁን መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ደብተር አስቀምጣለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና «ፒ0302፣ የዲዴሳ ዳገት» የሚል ተጽፏል።