ለአንድ መነኩሴ ዓይን የተሣሉ ሥዕሎች

በትምህርትም ሆነ በሥራ ምክንያት ወደ ጣልያን አገር ተሻግረው ፍሎሬንስ ከተማ የደረሱ እንደ ሆነ፣ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወደሚገባባቸው ታላላቅ የሥዕል አዳራሾች ከመሮጥዎ በፊት፣ ሳን ማርኮ የሚባለውን የቀድሞ ገዳም እንዲያዩ እመክርዎታለሁ። ከታላቁ ካቴድራል በስተ ሰሜን በእግር ጥቂት የሚያስኬድ ነው። ምክሬን ግን ከነስሕተቴ ይቀበሉኝ። እኔ ለአጭር የመምህራን ትምህርት ወደዚያ አገር በሄድሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን ገዳሙን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ ዞሬ ጨረስሁት። በፈተና ዋዜማ ደብተሩን እንደሚያገላብጥ ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል ስሯሯጥ ዋልሁና፣ ማታ ካየሁት ሁሉ አንዱን ሥዕል ለይቼ ለማስታወስ ብሞክር አልሆነልኝም። በማግሥቱ እንደ ገና ቲኬት ገዝቼ ተመለስሁ። የማጫውትዎ ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ቀን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ጥቂት ልበል። በ1436 (የምጽፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሮማው ፓፓ ኤውጌንዮስ 4ኛ ይህን ገዳም ለዶሚኒካውያን መነኮሳት ሰጡ። ሕንጻው አርጅቶ ስለ ነበር፣ በባንክ ሥራ እጅግ የከበረው ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ገንዘቡን አውጥቶ ሚኬሎጾ በሚባል መሐንዲስ አሠራው። ኮሲሞ ይህን ያደረገው በአራጣ ስላገኘው ሀብት ኅሊናው ወቅሶት ነው ይባላል። እውነትም ይሁን ሐሜት፣ ከመነኮሳቱ በዓት ሰፋ ያሉ ሁለት ክፍሎች ለራሱ ማስቀረቱን አልዘነጋም። በግድግዳው ላይ የተሣለለትም ወርቃቸውን ይዘው የመጡት ሰብአ ሰገል ሲሰግዱ ነው፤ ለባለጸጋ የሚስማማ ሥዕል!

ከመነኮሳቱ አንዱ ሠዓሊ ነበር። በምንኵስና ስሙ ፍራ ጆቫኒ ይባል ነበር፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ፍራ አንጀሊኮ፣ ማለት መልአካዊው መነኩሴ በሚለው ስም ነው። ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ከ40 የሚበልጡትን በዓቶች አንድ በአንድ ሣለ። በአገራችን በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊው በሸማ ላይ ይሥልና ሸማው በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በእነሱ ዘንድ ግን ግድግዳው በኖራና በአሸዋ ይለሰንና፣ ልስኑ ሳይደርቅ በውሃ የተበጠበጠው ቀለም ይቀባበታል፤ ልስኑ ሲደርቅ ቀለሙም አብሮ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ በየቀኑ የሚለሰነው ሠዓሊው በዚያ ቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነው። ሥዕሉ የግድግዳው አካል በመሆኑም፣ ገዳሙ ባለቤት በለዋወጠ ጊዜ ሁሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቆየ።

ደረጃውን ሲወጡ ከፊት ለፊትዎ ብሥራተ ገብርኤልን ያያሉ። ሁሉም ሰው ፎቶግራፍ የሚያነሣው እዚህ ነው። እርስዎ ግን አለፍ ብለው ወደ በዓቶቹ ይግቡ። እያንዳንዱ በዓት አንድ ትንሽ መስኮትና አንድ ሥዕል አለው፤ ሌላ ምንም የለውም። በሰባተኛው በዓት ክርስቶስ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የሚመቱት እጆች በአየር ላይ ይታያሉ፤ ክንድ የላቸውም፣ ባለቤትም የላቸውም። የሚተፋበትም ሰው ራሱ ብቻ ነው የሚታየው። ከታች እመቤታችን በሐዘን፣ ቅዱስ ዶሚኒክ ደግሞ በመጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ቀና ብለው አያዩም። በመጀመሪያው ቀን ይህን አይቼ «እንግዳ ነገር!» ብዬ አልፌ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምሁበት። ሠዓሊው መላውን ታሪክ ያልሣለው ስላቃተው አይደለም፤ በዚያ ክፍል የሚኖረው መነኩሴ ታሪኩን በቃሉ ስለሚያውቀው፣ የቀረውን በልቡ እንዲሞላው ነው እንጂ። ሥዕሉ የተሣለው በየቀኑ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሚያየው ለአንድ ሰው ነበር። እኔ ግማሽ ደቂቃ ሰጥቼው ነበር።

ጀማሪዎቹ መነኮሳት በሚኖሩበት በኩል ደግሞ የሁሉም በዓት ሥዕል አንድ ነው፤ ስቅለቱና በእግሩ ሥር ቅዱስ ዶሚኒክ። ልዩነቱ በጸሎቱ አኳኋን ላይ ነው፤ በአንደኛው ይንበረከካል፣ በሌላው እጁን ይዘረጋል፣ በሌላው ፊቱን ይሸፍናል። ወጣቱ ጀማሪ ጸሎትን በሰውነቱ ጭምር ይማርበት ነበር ማለት ነው። መምህር ነኝና እንዲህ ያለውን የማስተማሪያ ሰሌዳ ሳይ ቀናሁ።

እንግዲህ መነኮሳቱ ወጥተው ቲኬት ቆራጭ መግባቱ ያሳዝናልን? እኔም በመጀመሪያ እንዲህ አስቤ ነበር። ነገር ግን በ1860 የእንግሊዝ ደራሲት ጆርጅ ኤልየት (ስሙ የወንድ ይምሰል እንጂ ሴት ናት) እዚህ በመጣች ጊዜ፣ ሴት ወደ በዓቶቹ አትገባም ተብላ ከታች ቀረች። ሥዕሎቹን አብሯት የነበረው ጆርጅ ልዊስ ወጥቶ አየና በማስታወሻ ጽፎ አወረደላት። ስለዚሁ ከተማ በጻፈችውና በ1863 በታተመው ሮሞላ በሚባለው ልብ ወለድ ገዳሙም ይገኛል። ደብረ ዳሞን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በ1866 የጣልያን መንግሥት ገዳማትን በሕግ ሲወርስ ሳን ማርኮም ተወረሰ፤ በ1869 ሙዚየም ሆነ። እኔ በሰባተኛው በዓት ስቆም ከአጠገቤ ቆመው ያለቀሱት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የትኛው ይሻል እንደ ነበር ለመፍረድ አልደፍርም።

ከበዓቶቹ ሲወጡ ቤተ መጻሕፍቱን ይዩ። ኒኮሎ ኒኮሊ የተባለ ሊቅ በ1437 ሲሞት የተወው ብዙ መጽሐፍና ብዙ ዕዳ ነበር፤ ኮሲሞ ዕዳውን ከፍሎ 400 ያህሉን መጻሕፍት እዚህ አኖረና ለሚያነቡ ሁሉ ክፍት እንዲሆን አደረገ።

በመጨረሻ ወደ ታች ወርደው መነኮሳቱ ይሰበሰቡበት ወደ ነበረው አዳራሽ ይግቡ። ግድግዳውን ሙሉ የያዘው ስቅለት የተሣለው በ1441ና በ1442 ነው። በዚያው በ1441፣ በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ማለት ነው፣ የኢየሩሳሌሙ የኢትዮጵያውያን ገዳም አለቃ አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት ለታላቁ ጉባኤ ፍሎሬንስ ገብተው ነበር። እነዚያ አባቶቻችን በከተማው ሲያልፉ፣ የዚህ ግድግዳ ልስን ገና እርጥብ ነበር።

በዚሁ አዳራሽ አንዲት ትልቅ ደወል ተቀምጣለች። ስሟ ፒያኞና፣ አልቃሻዋ ማለት ነው። በ1491 የገዳሙ አለቃ የሆነው ሳቮናሮላ ባለጸጎችንና ፓፓውን በስብከቱ ሲገሥጽ፣ ተከታዮቹን ጠላቶቻቸው አልቃሾች ይሏቸው ነበር። በሚያዝያ 1498 ሕዝቡ ገዳሙን በከበበ ሌሊት ርዳታ ትጠራ የነበረችው ይህች ደወል ናት። ሳቮናሮላ ተይዞ በግንቦት 23 ቀን በከተማው አደባባይ ተሰቀለ፣ ሬሳውም ተቃጠለ። ደወሏም ተፈረደባት። ከማማዋ አውርደው በመንገድ እየጎተቱ ገረፏትና ከከተማው ቅጥር ውጭ ወዳለ ሌላ ገዳም አሰደዷት፤ የተመለሰችው በ1509 ነው። ጠጋ ብዬ ልነካት ስል ዘበኛው ጣቱን ነቅንቆ ከለከለኝ።