ያውቁ ኖሯል? ስሙ የበዛው የዶሮ ጉንፋን

ጫጩት ሲያስነጥስ ወይም አፉን ከፍቶ እያጣጣረ ሲተነፍስ ያየ ሰው መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣለት ቃል “ፈንግል” ነው። ፈንግል የኒውካስል በሽታ ነው፤ በየመንደሩ ግን ዶሮ የፈጀ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። የዛሬው እንግዳችን ሌላ ነው፤ ተላላፊ ብሮንካይትስ ይባላል። እኛ ብዙ በሽታ በአንድ ስም ስንጠራ፣ ይሄኛው ደግሞ አንድ ሆኖ ሳለ መልኩን እየለዋወጠ ስም አውጪዎቹን አድክሟቸዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1931 በአሜሪካ፣ በሰሜን ዳኮታ፣ በጫጩቶች ላይ ነው። ኮሮና ከሚባሉት ቫይረሶች ሁሉ ቀድሞ የታወቀውም ይኸው የዶሮ ቫይረስ ነው። በ1937 ቦዴትና ሃድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ጫጩት በያዘ እንቁላል ውስጥ አራቡት። ሰውን አያሳምምም፤ ከኮቪድ ቫይረስ ጋር ቤተሰባቸው አንድ ቢሆንም ቅርንጫፋቸው የተለያየ ነው።

ያውቁ ኖሯል? “ኮሮና” የሚለው ስም ሲወጣ ዶሮዋም ድርሻ ነበራት። የግላስጎው የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ የሆነችው ጁን አልሜዳ በ16 ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ፣ በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ የተካነች ሴት ናት። የዚህን የዶሮ ቫይረስ ፎቶግራፍ አንስታ ብትልክ፣ ገምጋሚዎቹ ያልጠራ የኢንፍሉዌንዛ ፎቶ ነው ብለው መለሱላት። ኋላ ላይ ከተመራማሪው ዴቪድ ታይረል ጋር ሆና ከሰው ጉንፋን የተገኘ ቫይረስ ስታይ ያው ዙሪያውን እንደ ዘውድ የከበበው ሾህ ብቅ አለ። በ1968 ስሙ ጸደቀ። ያኔ እነዚያ ገምጋሚዎች ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ባለኝ!

ስሙ መብዛት የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቫይረሱ አንድ ዓይነት ብቻ ይመስል ነበር። በ1956 ማሳቹሴትስ የተባለውን ዓይነት ታሞ የዳነ ዶሮ ኮነቲከት የተባለው እንደሚይዘው ታወቀ። ሁለቱ የአሜሪካ ግዛቶች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቫይረሶቹ ግን አንዱ ለሌላው መከላከያ አይሆንም።

ለምን? ነገሩ ያለው ሾሁ ላይ ነው። ቫይረሱ የዶሮዋን ሕዋስ የሚይዝበት፣ የዶሮዋም መከላከያ እሱን የሚለይበት ይኸው ሾህ ነው። የሾሁ ጫፍ ከ500 በላይ አሚኖ አሲዶች የተሰካኩበት ፕሮቲን ሲሆን፣ በሁለት ዓይነቶች መካከል ከ20 እስከ 25 በመቶ ልዩነት ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዴ ልዩነቱ እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። አንዳንዴ ደግሞ ከ10 እስከ 15 አሚኖ አሲድ ብቻ ተቀይሮ አሮጌው መከላከያ አዲሱን ሳያውቀው ይቀራል።

ያውቁ ኖሯል? የቫይረሱ ዘረመል 27,600 ገደማ ፊደል አለው፤ ለአር ኤን ኤ ቫይረስ እጅግ ረጅም ነው። ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ ሲገለብጥ ፊደል እንደሚስት፣ ይሄም ሲባዛ ይስታል፤ አራሚ ቢኖረውም ሁሉንም አያርምም። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ግን በስሕተት ብቻ አይደለም። ሁለት ዓይነት ቫይረስ አንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ፣ ጸሐፊው ከአንዱ መጽሐፍ ጀምሮ መሐል ላይ ወደ ሌላው ይዘላል። የሚወጣው ቅጂ ከሁለቱም ነው። ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠራው ክትባት ራሱ ከዱር ቫይረስ ጋር እንዲህ ሊዳቀል ይችላል። ተርኪ የሚባለው ወፍ ኮሮና ቫይረስ ደግሞ አካሉ የዚህ የዶሮው ሆኖ ሾሁ ብቻ ከሌላ፣ ባለቤቱ ካልታወቀ ቫይረስ የመጣ ነው፤ በዚህም የተነሳ የመተንፈሻ አካልን ትቶ አንጀት ያጠቃል።

ያውቁ ኖሯል? የመተንፈሻ በሽታ ቢባልም በዚያ አያበቃም። በ1960ዎቹ በአውስትራሊያ ኩላሊት የሚያጠቃ ዓይነት ታይቷል። እንቁላል ጣይዋን ከያዘ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ይሸበሸባል፤ ነጩም እንደ ውሃ ይቀጥናል። ከሁሉ የሚያናድደው በ1990ዎቹ በቻይና የተገኘው ኪው ኤክስ ነው። ጫጩቷ ገና በጨቅላነቷ ትያዛለች፣ ትድናለች፣ ታድጋለች። ቄቧ ኩክኔዋ ቀልቶ፣ ጎጆ ገብታ ትቀመጣለች፤ እንቁላል ግን የለም። እንቁላል ማውጫዋ ያኔ ተበላሽቷል። ሆዷ በፈሳሽ ተሞልቶ እንደ ፔንግዊን ቀጥ ብላ የምትቆምም አለች። አርቢው መኖውን እየከፈለ የሚጠብቀው ባዶ ጎጆ ነው።

ወደ ስሙ እንመለስ፦ በእንግሊዝ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተለየው 793ቢ የተባለው ዓይነት ሌላ ስሙ 4/91 ነው፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ሲአር88 ይሉታል። በ2016 ተመራማሪዎች ይህን ትርምስ ለማጥራት ዘረመሉን አይተው 6 ጎራና 32 የዘር ሐረግ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ተጨማሪ ሐረጎች ተገኝተዋል።

ኢትዮጵያም አልቀረችም፦ በ2017 የታተመ ጥናት 793ቢን በአገራችን ዶሮዎች ላይ አግኝቶታል።

ያውቁ ኖሯል? ኤች120 በሚባለው የሆላንድ ክትባት ስም ላይ ያለው 120 ቫይረሱ እስኪዳከም ድረስ በእንቁላል ውስጥ ያለፈበት ቁጥር ነው። ኤች52 ያለፈው 52 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ይበረታል፤ ስለዚህ አስቀድመው ለተከተቡ፣ ለበሰሉ ዶሮዎች ይሰጣል። የማሳቹሴትስና የ793ቢ ክትባት ተከታትለው ሲሰጡ ከሁለቱ ውጭ ያሉ ብዙ ዓይነቶችንም ይከላከላሉ። ከዚህ ቫይረስ ጋር ለሚኖር አርቢ ከዚህ የሚሻል ዜና አላውቅም።

ዶሮ የሚያረቡ ከሆነ፣ የፈንግል ክትባት ለዚህ በሽታ እንደማይሠራ ይወቁ። ክትባት ሲገዙ የብልቃጡን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ተጽፎበታል። የትኛው ለአካባቢዎ እንደሚበጅ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙን ይጠይቁ።