የመንግሥት ድርሻና የነጋዴ ድርሻ

የዛሬው ርእሳችን የሁላችንንም ጓዳ የሚነካ ነው። የዕቃ ዋጋ በናረ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። አንዱ «መንግሥት ሁሉንም ይቆጣጠር» ይላል። ሌላው «መንግሥት እጁን ያውጣ፣ ገበያው ራሱን ያስተካክላል» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ለየብቻ ሲቆሙ ግን ሁለቱም ይወድቃሉ። ይህን በአገራችን ከደረሰው ነገር ተነሥተን እንመልከት።

«ቅይጥ ኢኮኖሚ» የሚለው ቃል በዕድሜ ገፋ ላሉት አድማጮቻችን እንግዳ አይደለም። ደርግ በ1967 ዓ.ም ባንኮችን፣ የመድን ድርጅቶችንና ትላልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ። ቆይቶም በእህል ንግድ ውስጥ በሰፊው ገባ። ገበሬው በኮታ የተጣለበትን እህል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ዋጋው ከገበያው በታች ስለነበር ለሽያጭ አብዝቶ ለማምረት የሚያተጋው ነገር ቀነሰ። በመጨረሻም ያው መንግሥት ራሱ በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚን አወጀ፤ የእህል ንግዱም ተለቀቀ።

ቅይጥ ኢኮኖሚ ማለት አንዳንዱን ዕቃና አገልግሎት መንግሥት፣ ሌላውን የግል ነጋዴው የሚያቀርብበት፣ ነጋዴው በሚሠራበትም ቦታ መንግሥት ሕግ አውጥቶ የሚቆጣጠርበት ሥርዓት ነው። ታዲያ የትኛው የማን ይሁን? መልሱ እንደ ዕቃው ጠባይ ይለያያል።

ሽንኩርትን እንውሰድ። ሻጩ ብዙ ነው። አንዱ ቢያስወድድብን ወደ ጎረቤቱ እንሄዳለን፤ ይህን ስለሚያውቅም ዋጋውን ያስተካክላል። እዚህ ላይ የመንግሥት ሥራ መንገዱን መሥራት፣ ሚዛኑ እንዳይሰረቅ ማየትና ዕቃ የሚደብቀውን መቅጣት ነው። ሽንኩርት መቸርቸር ግን ሥራው አይደለም።

የቧንቧ ውሃ ከዚህ ይለያል። በአንድ ሰፈር ሁለት ሦስት ድርጅት እየቆፈረ የየራሱን መስመር ቢዘረጋ ኪሣራ ነው። ስለዚህ አቅራቢው አንድ ይሆናል፤ አንድ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው «ሌላ ጋ እሄዳለሁ» ማለት አይችልም። በአዲስ አበባ ውሃን የሚያቀርበው የመንግሥት ባለሥልጣን የሆነውም፣ ታሪፉም ጥቂት ለሚጠቀመው ዝቅ፣ ብዙ ለሚጠቀመው ከፍ እያለ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ቆጣሪ የሌላት እናት በጀሪካን ስትገዛ፣ ለአንዱ ሊትር ቆጣሪ ካለው ባለቪላ ይበልጥ የምትከፍልበት ጊዜ ብዙ ነው። የመንግሥት መሆኑ ብቻውን ለድሃው ደረሰ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ዓይነት ክትባትን የመሰለ ነው። የአንዱ ልጅ ከኩፍኝ መከተብ የጎረቤቱንም ልጅ ይጠብቃል። ጥቅሙ ለከፈለውም ላልከፈለውም ስለሚደርስ፣ ለነጋዴ ብቻ ቢተው ብዙ ልጆች ሳይከተቡ ይቀራሉ። ይህ ወጪ ከሕዝብ ግምጃ ቤት ሊወጣ የሚገባው ነው።

ድርሻው ሲምታታ ምን እንደሚከተል በ2003 ዓ.ም አይተናል። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ መንግሥት ስኳርን፣ ዘይትንና ሥጋን ጨምሮ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ነጋዴው በገዛበት ዋጋ እንኳ መሸጥ ሲያቅተው አንዳንዱ ዕቃ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ የቀረውም ወረፋ አስከተለ። በግንቦት ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ። ዋጋን በትእዛዝ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ዕቃው እንዲገኝ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ነጋዴው ሲገባ የመንግሥት ድርሻ የሚያበቃ የሚመስለውም ይሳሳታል። የስልክ አገልግሎት ለብዙ ዘመን በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ነበር። በ2013 ዓ.ም ሳፋሪኮም ፈቃድ አገኘ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ምም በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ግን በ2011 ዓ.ም ዘርፉን የሚቆጣጠር የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በሕግ ተቋቁሞ ነበር። መንግሥት ራሱ ተጫዋች በሆነበት ሜዳ ዳኛው ከተጫዋቹ መለየት አለበትና።

ይህ ሚዛን ለዲናችን አዲስ ነገር አይደለም። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሶሓቦች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ እንዲወስኑ ጠይቀዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ማንንም በድለው ከጌታቸው ጋር መገናኘትን ፈርተው አልወሰኑም። በሌላ በኩል ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙባቸው መሆናቸውን አስተምረዋል። ዕቃ አከማችቶ ማስወደድንም ከልክለዋል። ኢብን ተይሚያም ነጋዴዎች የሕዝቡን ችግር ተጠቅመው ሲበድሉ ገዢው ፍትሐዊ ዋጋ ሊያስገድዳቸው እንደሚችል ጽፈዋል። ዑስማን (ረ.ዐ) ደግሞ የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሁሉም ክፍት አደረጉ። የግል ሀብት ለጋራ ጥቅም ሲውል ይህ ግሩም ምሳሌ ነው።

እንግዲህ ውድ አድማጮች፣ ስለ አንድ ዕቃ «የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል?» ብለን ከመከራከራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሻጩ ቢበድለን የምንሄድበት ሌላ ሻጭ አለን? መክፈል ለማይችለው ማን ይከፍልለታል? ሚዛኑንስ ማን ይጠብቃል? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ባለቤቱ ማንም ቢሆን ድሃው ይጎዳል።

በመካከላችን ነጋዴዎችም፣ በሸማቾች ማኅበር የምንሠራም አለን። ለድሃው ተብሎ በድጎማ የመጣ ዘይት በጓሮ በር ወጥቶ በውድ ሲሸጥ፣ ያ ዘይት የወጣው ከመበለቷና ከየቲሙ ድርሻ ላይ ነው። ይህን በደል የመንግሥት አዋጅ ብቻውን አያቆመውም፤ የነጋዴው ፉክክርም አያቆመውም። ቁልፉን የያዘው ሰው አማና ነው የሚያቆመው። አላህ (ሱ.ወ) አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።