ሰሚ ያጡ ሸክላዎች

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ፣ በርካሽ መጽሔቶች የመጨረሻ ገጾች ላይ አማተር ገጣሚዎችን የሚጠራ ማስታወቂያ አይታጣም ነበር፤ ግጥምዎን ይላኩልን፣ ዜማ አበጅተን ሸክላ እናሳትምልዎታለን የሚል። ለላከ ሰው የሚደርሰው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ሙገሳ ነው፤ ሙገሳውን ተከትሎ የክፍያ ጥያቄ ይመጣል። በዚህ መንገድ የተሠሩት ዘፈኖች «ሶንግ ፖየም» ይባላሉ።

ሥራው ጥድፊያ ነበር። እንደ ኤምኤስአርና ፕሪቪው ያሉ የሎስ አንጀለስ ኩባንያዎች የተካኑ የስቱዲዮ ሙዚቀኞችን ይዘው ይሠሩ ነበር። ድምፃዊው አይቶት የማያውቀውን ግጥም ይቀበላል፤ አንዴ ዘፍኖት ወደሚቀጥለው ያልፋል። በአንድ ሰዓት በርካታ ዘፈን ይቀረጻል። ለገጣሚው ጥቂት ሸክላዎች ይላኩለታል፤ የጓጓለት ዝናና ገንዘብ ግን አይመጣም። ይህ በሰው ምኞት መነገድ ነው።

ከዚህ ጥድፊያ መሀል ግን እውነተኛ ጥበብ ወጥቷል። ከእነዚህ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች አንዱ የነበረው ሮድ ኪዝ፣ ቻምበርሊን የተባለውን መሣሪያ ይጫወት ነበር። የመሣሪያው እያንዳንዱ ቁልፍ ሲነካ በቴፕ የተቀዳ የቫዮሊን ወይም የጥሩምባ ድምፅ ስለሚያሰማ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ኦርኬስትራ ይሆናል። ኪዝ ለማያውቃቸው ሰዎች ስንኝ ውብ ዜማ ሲያወጣ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1974 በ37 ዓመቱ ሞተ። ልጁ፣ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ኤለሪ ኤስከሊን፣ አባቱን ሳያውቅ አድጎ የአባቱን ሥራዎች የያዘ አልበም በ1996 ለአድማጭ አበቃ።

ሸክላዎቹን ከመጥፋት ያተረፏቸው ሰብሳቢዎች ናቸው። የኤንአርቢኪው ባንድ ድራም መቺ ቶም አርዶሊኖ እነዚህን ሸክላዎች ሰብስቦ፣ መርጦ፣ በአልበም እንዲወጡ አደረገ። በ2003 ደግሞ የጄሚ ሜልትዘር ዘጋቢ ፊልም ታሪኩን ለሰፊው ሕዝብ አደረሰ።

ሰብሳቢ የሚፈልገው ምንድን ነው? የሬዲዮ ጣቢያ ያላጣራውን፣ አሳታሚ ያላረመውን የተራ ሰው ሐሳብ ነው። ፍቅርና ጸሎት አለ፤ ስለ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የተዘፈነም አለ። ስንኙ ቤት ባይመታም ጸሐፊው ከልቡ ብሏል፤ የተካነ ሙዚቀኛም ሙያውን አውሶታል። ይህ ጥምረት በገበያ ዘፈን ውስጥ አይገኝም።

ብዙዎች እነዚህን ሸክላዎች ለመሳቅ ያደምጧቸዋል። እንዲህ ያለው አድማጭ ገጣሚውን ገንዘቡን ከወሰዱበት ቀጥሎ ዳግም ይበድለዋል። ከእነዚህ ሸክላዎች አንዱ እጃችሁ ከገባ፣ ከማጫወታችሁ በፊት መሀሉ ላይ ከርዕሱ ሥር የታተመውን የገጣሚውን ስም አንብቡ፤ ዘፈኑንም እስከ መጨረሻው አድምጡለት።