የስኳር በሽታና የልብ ድካም ሲገናኙ

ከሮቤ ወደ ጎባ፣ ከጎባም ወደ ሳነቴ የሚወጣ እንግዳ ትንፋሹ ቢያጥር አያስደንቅም፤ የሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ከፍታ አለውና። ነገር ግን በዚያው አገር ተወልዶ ያደገ ሰው የለመደው ዳገት ሲያቅተው፣ ሌሊት ትራስ ሳይደራርብ መተኛት ሲሳነው፣ እግሩም ሲያብጥ፣ በከፍታው ወይም በእርጅና ማመካኘት አይገባም። ይልቁንም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ የልብ ድካም መጠርጠር አለበት።

የልብ ድካም ማለት ልብ መምታቱን አቆመ ማለት ሳይሆን፣ ለሰውነት የሚበቃውን ደም መግፋት አቃተው ማለት ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ለብዙ ዓመታት ሲቆይ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ የልብን ጡንቻ ያደድራል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። የተጎዳ ኩላሊት ጨውና ውኃ ሲያስቀር፣ የደከመው ልብ ሸክም ይበዛበታል። ስኳር ነርቭንም ስለሚያደነዝዝ፣ ልብ ያለ ደረት ውጋት ሊታመም ይችላል። የልብ ድካምም በበኩሉ ሰውነት ኢንሱሊንን በሚገባ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ስለዚህ ሁለቱ በሽታዎች ያሉበት ሰው፣ የልብ ድካም ብቻ ካለበት ሰው ይልቅ ደጋግሞ ሆስፒታል ይገባል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

በአሜሪካ አገር በፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ሰዎችን ሲከታተሉ የኖሩ ሐኪሞች፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ ስኳር ያለባቸው ወንዶች ከሌለባቸው ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ሴቶቹ ደግሞ እስከ አምስት እጥፍ በልብ ድካም ይያዛሉ። እንግዲህ የእናቶች ጉዳይ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል።

ተስፋ ግን አለ። ለስኳር በሽታ የተሠራው ዳፓግሊፍሎዚን የተባለው መድኃኒት የልብ ድካምን መባባስና ሞትን እንደሚቀንስ፣ ስኳር ለሌለባቸውም ሕመምተኞች እንደሚጠቅም በ2019 በዚያው አቆጣጠር ተረጋግጧል። ይህ ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ በበርበሬና በሽሮ የሚገባውን ጨው መቀነስ፣ ሚዛን ካለ በየጠዋቱ መመዘን፣ ክብደት በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ቢጨምር ወደ ሐኪም መሄድ ይጠቅማል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እህል ሳይቀምስ ሲውል ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅምና።

ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታልም ሆነ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ለልቡ ሲታከም ስኳሩን፣ ለስኳሩ ሲታከም የትንፋሹን ማጠር አይሸሽግ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።